መኪናዋ ትንፋሽ አጠራት እንጂ አባባ አላረጁም

ለምወድህ ወንድሜ ለመልካሙ ይርዳው
ሞያሌ

እንደምን ከረምክልኝ? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲነካው የሚነሣብህ ወገብህ የቆላው ሙቀት ተስማማው ወይስ እዚያም ድረስ ተከትሎህ መጣ? ሸዋዓለም እንዴት ናት? ደረቷን አሟታል ካልከን ጀምሮ እማዬ በየማለዳው ስሟን ሳትጠራ ከቤተ ክርስቲያን አትመለስም። ትንሹ ተስፋነህስ ቆሞ መሄድ ጀመረ ወይስ እንደ አባቱ ሰነፍ ሆኖ በተሸከሙት ይዞራል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ክረምቱ ጨክኖብን ነበር፤ የጉና ደመና እስከ ደጃችን ወርዶ ልብስ የሚደርቅበት ፀሐይ አጥተን ሰነበትን። አሁን ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ጠራ፣ ገብሱም አማረ። ያላለፈ ክረምት የአንተ ናፍቆት ብቻ ነው።

ይህን ወረቀት የሚሰጥህ ይሻው ነው። አዎ፣ አባባ የሚነዷትን ሚኒባስህን ነድቶ እንዲያመጣልህ የላክኸው ይሻው። መኪና ስትጠብቅ ደብዳቤ ይዞ ሲቆምብህ እባክህ በእሱ አትቆጣ፤ ሁሉንም በዓይኑ አይቶ ነው የተመለሰው። ስልክ ልደውልልህ አስቤ ነበር። ግን ኔትወርኩ ሲገኝ አባባ አጠገቤ ይሆናሉ፣ አባባ ሲወጡ ኔትወርኩ አብሯቸው ይወጣል። ደግሞ እውነቱን እንነጋገርና የመኪናዋ ነገር ሲነሣ አንተ በስልክ አታስጨርሰኝም። «እቴነሽ፣ ተይው፣ ጨርሻለሁ» ትልና ጆሮዬ ላይ ትዘጋለህ። ወረቀት ግን አይዘጋም። አረፍ በልና እስከ ታች አንብበው።

ልብህን አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ተሳፍሮ የነበረው ካሳሁን ሞያሌ ድረስ መጥቶ የነገረህ ሁሉ ያስደነግጣል፦ አባባ የጋሳይን ዳገት መውጣት አቃታቸው፣ መኪናዋ ጥቁር ጭስ እያስታወከች መንገድ ላይ ቆመች፣ ተሳፋሪ ወርዶ በእግሩ ወጣ፣ ሽማግሌው እጃቸውም እግራቸውም ደክሟል። አንተም «አባቴ ገደል ከሚገቡብኝ መኪናዋ ትምጣልኝ» ብለህ ወሰንክ። ማንኛውም ልጅ የሚያስበውን ነው ያሰብከው። ካሳሁንም አልዋሸህም፤ ያየውን ነው የነገረህ። ያላየውን ግን እኔ ልንገርህ።

ነገሩ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ እትዬ አበበች ያረፉ ጊዜ ነው። እንደምታውቀው የእድሩን ሽማግሌዎች በመኪናዋ ጭነው ከአስከሬኑ ኋላ የሚሄዱት አባባ ናቸው። ያን ጊዜ የመኪናዋ የጭስ ማውጫ ዝጎ ተበሳስቶ ስለነበር እንደ ወፍጮ ቤት ታጓራለች። ባትሪዋም ደክሞ ስለነበር «ካጠፋኋት አትነሣልኝም» ብለው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፉ አቆሟት። ቀሳውስቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፣ መኪናዋ ከውጭ ትመልስላቸዋለች። ከቀብር በኋላ የእድሩ ዳኛ አባባን ወደ ዳር ወሰዱና «ይርዳው፣ የሟችን ስም እንኳ መስማት አቃተን እኮ!» አሏቸው። አባባ ይህን ሰምተው ቁጭ ይላሉ? በነጋታው ወደ ጌጡ ብየዳ ቤት ገሠገሡ። «ጌጡ፣ ይህችን መኪና ድምፅ የሚባል ነገር እንዳይወጣት አድርግልኝ» አሉት።

ጌጡ ደግሞ ከፎገራ ሩዝ ማሳ የተረፈ የውሃ ፓምፕ ቱቦ ነበረው፤ ጠበብ ያለ። እሱን በየደላቸውና ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ በአንድ ፋንታ ሁለት ደርቦ ገጠመላቸው። «ጋሽ ይርዳው፣ አልጠበበም ግን?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። አባባማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመንግሥት ጭነት መኪና ነድተዋል፤ ማን ይከራከራቸዋል! «ጭስ ጠበብ ብሎ ሲወጣ ነው ሞተር ጉልበት የሚይዝ። ሰፊ ቱቦ ጉልበት ያፈስሳል» አሉት። ያ የድሮ ጭነት መኪና ቱርቦ እንዳልነበረውና የአንተዋ ሚኒባስ ግን እንዳላት ያን ቀን ያስታወሰ የለም።

ከዚያ በኋላማ መኪናዋ እንደ ድመት ሆነች። መጣች ሳይባል ከኋላህ ትቆማለች። በሚቀጥለው ቀብር ሽማግሌዎቹ እየተቀባበሉ መረቋቸው፤ አባባም ደስ ብሏቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ነበር የሚገቡት። ከተማ ውስጥ ስትዞር ምንም አላለችም። ጉዱ የመጣው ክረምት ገብቶ ወደ ክምር ድንጋይ ሰው ሞልተው ሲወጡ ነው። ጋሳይን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ነዳጁን ይረግጣሉ፣ መኪናዋ ታቃስታለች፣ ማርሽ ይቀንሳሉ፣ አሁንም ይቀንሳሉ፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ መኪናዋ ግን ወይ ፍንክች። ሰዎች በዝናብ ወርደው ተራመዱ። ነጭ ሽንኩርት ነጋዴዋን ማሬን ታውቃታለህ፤ አፏ አያርፍም። ዘንቢሏን ተሸክማ በመስኮቱ በኩል ስታልፍ «ጋሽ ይርዳው፣ መኪናዎ ጾም ላይ ናት እንዴ? ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ እስክትፈታ እንጠብቃት?» አለቻቸው። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ቀን ወዲህ መናኸሪያው ውስጥ የመኪናዋ ስም «ጾመኛዋ» ሆኖ ቀረ።

ቀልድ ሆኖ ቢቀር ደግ ነበር። ተሳፋሪው እየሸሸ ሌላ ሚኒባስ ላይ መውጣት ጀመረ። ወጣቶቹ ሾፌሮች «አባት፣ አሁንስ ቁልፉን ለልጅ ይስጡት» ይሏቸዋል፤ በክፋት አይደለም፣ አዝነውላቸው ነው፤ ይኼ ደግሞ ይብሳል። አባባ ቤት ሲገቡ እህል አይቀምሱም። አንድ ቀን ጠርተው አስቀመጡኝና ጫማቸውን አውልቀው ቀኝ እግራቸውን ዘረጉልኝ። «እቴነሽ፣ እስቲ እይልኝ፤ ይህ እግር ይረግጣል ወይስ የሚረግጥ እየመሰለኝ ነው?» አሉኝ። መልካሙ፣ ያን ያህል ዓመት ጉናን በጭነት መኪና የወጡ ሰው እግራቸውን ተጠራጠሩ። በእጄ ይዤ ገፋሁት፤ መልሰው ሲገፉኝ ወደ ኋላ ልወድቅ ነበር። «ይረግጣል አባባ» አልኳቸው። አላመኑኝም።

አንተ የደወልከው በዚያው ሰሞን ነው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰሙህ። «እሺ ልጄ፣ መኪናዋ ያንተ ናት» ብቻ ነው ያሉህ፤ አንተም በቀላሉ የተስማሙ መስሎህ ሳይሆን አይቀርም። ስልኩን ሲዘጉ ወጥተው መኪናዋ ውስጥ ገቡና ሞተር ሳያስነሡ መሪውን ይዘው ተቀመጡ። እማዬ ለራት ብትጠራቸው «መጣሁ» እያሉ ብዙ ቆዩ።

አሁን ሃናን ላስተዋውቅህ። ጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየችው ልጅ ናት፤ ከአርባ ምንጭ መጥታ እዚህ ኮሌጅ ውስጥ የተሽከርካሪ ትምህርት ታስተምራለች። እማዬ መጀመሪያ «ሴት ልጅ መኪና ሥር ትገባለች እንዴ!» ብላ ጉድ ስትል ነበር፤ አሁን ግን ካለ እሷ ምሳ አትበላም። እና አንድ ጠዋት አባባ መኪናዋን ከግቢ ሊያወጡ ነዳጅ ሲረግጡ፣ ሃና ጥርሷን እየፋቀች ወጣችና «ጋሼ፣ ይህች መኪና ቱርቦ አላት አይደል? ታፍናለች እኮ» አለቻቸው። አባባ «አንቺ ልጅ፣ ማን አንቆ ያፍናታል!» አሉ። ሃና የጥርስ መፋቂያዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ በዚያ ጭቃ መኪናዋ ሥር ገባች። ስትወጣ ጀርባዋ ሌላ መልክ ነበረው። «ጋሼ፣ በዚህ ቱቦማ ለስላሳ እንኳ አይጠጣበትም!»

ከዚያ ደጃፋችን ላይ ተቀምጣ አስረዳቻቸው። እኔም ሽሮዬን እየነፋሁ ሰማሁ፤ እንደገባኝ ልንገርህ። ቱርቦ የሚሉት ነገር ትንሽ መንኮራኩር ነው፤ ጭሱ የሚወጣበት መንገድ ላይ ተቀምጦ በጭሱ ግፊት ይሽከረከራል። እሱ ሲዞር በሌላ ወገን ያለው ጓደኛው አብሮት ይዞርና ከውጭ አየር እየሳበ ወደ ሞተሩ ያጭቃል። ሞተር ደግሞ ናፍጣውን ጥሩ አድርጎ የሚያነደው አየር ሲያገኝ ነው። ጉና ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ጭሱ መንኮራኩሩን ገፍቶ ካለፈ በኋላ ቶሎ መውጫ ካላገኘ ግን ተመልሶ ያንኑ መንኮራኩር ይይዘዋል። ቱርቦው አይዞርም፣ አየር አይገባም፣ ናፍጣው ሳይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ሾፌሩ እስከ ወለሉ ቢረግጥ ጉልበት የለም።

አባባ እንደ ተማሪ አገጫቸውን ይዘው ሲሰሙ ቆዩና በድንገት «ወፍጮ ነው በይኛ!» አሉ። «ጉማራ ዳር የአጎቴ የውሃ ወፍጮ ነበር። ውሃው መንኮራኩሩን ካዞረ በኋላ የሚወጣበት ቦይ ደለል ሲሞላበት፣ ውሃው ወደ ኋላ ይመለስና መንኮራኩሩን ያቅፈዋል። ወፍጮው ይቆማል። አጎቴ ታዲያ ወፍጮው አረጀ አይሉም ነበር፤ አካፋ ይዘው ወርደው ቦዩን ይጠርጋሉ።» ሃና አጨበጨበችላቸው፤ «እኔ ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን የምፈጅበትን እኮ ጨረሱት ጋሼ!» አለች። አባባ ግን እየሳቁ አልነበረም። ወደ እኔ ዞረው «እግሬ አልነበረማ» አሉ። ሽሮው ውስጥ አቀርቅሬ ቀረሁ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ መልካም ነበር። ግን አባታችንን ታውቃቸዋለህ፤ አንዴ ካመኑ ልክ የላቸውም። ሃና ተማሪዎቿን ፈትና እስክትመለስ እንኳ አልጠበቁም። ጌጡ ዘንድ ሄደው «ይስፋ! ከሁሉ የሰፋውን ግጠምልኝ» አሉት። እሱም ከትልቅ ጭነት መኪና የወለቀ፣ ክንድ ሙሉ የሚያስገባ ቱቦ አገኘላቸው፤ ማርሚታውንም «እሱም አፋኝ ነው» ብለው አስጣሉት። ወይ ጉድ! እማዬ አባባ ገና ከመናኸሪያው ሲነሡ ሰምታ ወጡን ማሞቅ ትጀምራለች። ጋሳይ በገበያ ቀን ሲደርሱ በቅሎዎቹ ደንብረው ጭነታቸውን ጣሉ፤ ድንች ቁልቁል ተንከባለለ፣ ባለድንቹ ድንቹን ትቶ አባባን አሯሯጠ። ወፍራሙ ቱቦ ደግሞ ከሥር ተንጠልጥሎ ስለነበር ሰፈራችን ያለው ድንጋይ ላይ ተጋጭቶ ግማሹ ተገነጠለ። በማግሥቱ የእድሩ ዳኛ ዱላቸውን ይዘው መጡ። «ይርዳው፣ አምና የሟችን ስም አልሰማንም ነበር፣ ዘንድሮ የቋሚውንም መስማት አቃተን!»

«ጉልበቷስ?» ትለኝ ይሆናል። ታፍና ከነበረው ጋር ሲወዳደር ሰማይና ምድር ነው። ግን ሃና መጥታ አይታ ራሷን ነቀነቀች። «ጋሼ፣ የወፍጮው ቦይ ውሃውን ያለ ችግር ካሳለፈ በኋላ እሱን አስፍተው ወንዝ ቢያደርጉት ወፍጮው የበለጠ አይፈጭልዎትም። ከዚያ ወዲያ የሚጨምሩት ጩኸትና ክብደት ነው» አለቻቸው። አባባ በራሳቸው ወፍጮ ተረቱ።

ከዚያማ ሦስቱም ጌጡ ጋ ቁጭ ብለው በእርጋታ ሠሯት። ከቱርቦው ሥር ያለውን አፍ ለኩ፤ መኪናዋ ስትገዛ ከነበራት ቱቦ ትንሽ ሰፋ የሚል መረጡ። ጌጡ ቱቦ ሲያጥፍ ክርኑ ላይ ይጨፈልቀው ነበር፤ ሃና «እጥፋቱ ጋ ከጠበበ ሌላው መስፋቱ ምን ይሠራል?» ብላ ደጋግማ አስፈታችው። «መምህርት፣ እኔ የማጥፈው በጉልበቴ ነው እንጂ በሒሳብ አይደለም» ቢላት «እንግዲያው ጉልበትህን ቀስ አድርጋት» አለችው። ጭሱን ቀጥ አድርጎ የሚያሳልፍ አንድ ማርሚታ ገጠሙላት፣ ቱቦውንም ወደ ላይ አስጠግተው አሰሩት። በነገራችን ላይ ጌጡ ከዚያ ወዲህ ጺሙን መላጨት አዘውትሯል፤ ለብየዳ ሥራም በነጭ ሸሚዝ ሆኗል የሚመጣው። እኔ ምንም አላልኩም።

የቀብሩን ነገር ደግሞ አባባ ራሳቸው ፈቱት። ባትሪዋን አስቀየሩና ለዳኛው «ከእንግዲህ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት ሥር አቁሜ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ ሽማግሌዎቹንም ክንዳቸውን ይዤ አወጣለሁ» አሏቸው። ማታ ለእማዬ ሲነግሯት «ማጥፋት እያለልን ነው እኮ ስናፍናት የከረምን» ሲሉ ሰማኋቸው።

ይሻው ሲመጣ ነገሩ እዚህ ደርሶ ነበር። አባባ ማን እንደሆነና ለምን እንደመጣ ሲነግራቸው አልተከራከሩም። እግሩን አሳጠቡት፣ አበሉት፣ ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፉ ላይ አደረጉለት። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት በዓይናቸው ገሠጹኝ። ይሻው አፈረ፤ ጨዋ ልጅ ነው። «አባቴ፣ መንገዱንም አላውቀው፤ ነገ አንድ ጊዜ እርስዎ ይንዱና እኔ አጠገብዎ ልቀመጥ» አላቸው። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ባሌ ሙሉሰው «አንቺ ደግሞ ምን አባሽ ትሠሪያለሽ?» ቢለኝም አልሰማሁትም።

መኪናዋ ሞላች። ከላይ በግ፣ ከመሃል የድንች ጆንያ፣ ከኋላ ማሬ ከነዘንቢሏ። ቸግሯት፣ ሌላ መኪና አጥታ ነው የወጣችው፤ ገና ስትቀመጥ «ዛሬስ ፈትታለች?» አለች። አባባ ማርሽ አስገብተው ተነሡ። ጋሳይን አለፍን። ያ ሰው የወረደበት ዳገት ጋ ስንደርስ አንዲት ሴትዮ ከወዲሁ ነጠላዋን ማጥበቅ ጀመረች፣ ለመውረድ። አባባ ነዳጁን ረገጡ። ከሥር አንድ ቀጭን ፉጨት ተሰማኝ፤ ቱርቦው መሆኑን ሃና በኋላ ነገረችኝ። መኪናዋ ደረቷን ነፍታ ወጣች። ጭስ የለ፣ ማቃሰት የለ፤ ጫፍ ድረስ እንደ ሜዳ። ያች ሴትዮ ነጠላዋን እንደያዘች ቀረች። ማሬ ከኋላ «ኧረ እልል በሉ፣ ጾሙ ተፈታ!» ብላ እልልታውን ራሷ አቀለጠችው። አባባን በመስተዋቱ አየኋቸው። ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ ማርሽ ጨመሩ።

ክምር ድንጋይ ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ ሞተሩን አጠፉና ወረዱ። በጋቢያቸው ጫፍ ቁልፉን ጠርገው ለይሻው ሰጡት። «እንካ፤ አሁን ውሰዳት» አሉት። «ልጄ ያለውን እምቢ አልልም። ግን በሽተኛ አድርጌ እንዳልሰጠው ብዬ ነው ያስወጣኋችሁ። ለመልካሙ እንዲህ በልልኝ፦ መኪና ሲደክም አይደለም፣ እኔ ሲደክመኝ በራሴ እጅ አስረክበዋለሁ። ከዚያ በፊት ከፈለጋት ግን የሱ ናት።» ይሻው ቁልፉን ይዞ ቆመ። እኔን አየ፣ ጉናን አየ፣ መኪናዋን አየ። ከዚያ የሾፌሩን በር ከፍቶ «አባቴ፣ ይግቡ፣ በረደኝ» አላቸው። ስንመለስም እሳቸው ነዱ።

ወንድሜ፣ አሁን ቁልፉ በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ይሻው አልወስድም አለ፤ አባባም ካንተ ቃል እስኪመጣ አልነካም አሉ። ጠዋት ጠዋት ተነሥተው መኪናዋን በጨርቅ ይወለውላሉ፣ ጎማዋን ይመታሉ፣ ሥሯ ጎንበስ ብለው ያዩና ይገባሉ። ሞተሩን ግን አያስነሡም። ተሳፋሪ በር ድረስ እየመጣ ይጠይቃቸዋል፤ «ባለቤቱን እየጠበቅሁ ነው» ይሉታል። አንድ ቀን ይደክማቸዋል፤ እኔም እሱን አልክድም፤ ያን ቀን በራሳቸው እጅ ያስረክቡህ። ለእኔ መልስ አትላክ፣ ደብዳቤም አትጻፍ። ኔትወርክ ባገኘህበት ሰዓት በእሳቸው ስልክ ደውልና አንዲት ቃል ብቻ በላቸው፦ «ይንዱ»።

እማዬ በዓይንህ በዓይንህ ብላ ስማሃለች፤ ለተስፋነህ የጥጥ ኮፍያ ሠርታለች፣ ይሻው ይዞታል፤ ለቆላ አይሆንም ብላት አትሰማኝም። ሙሉሰው እጅ ነሥቷል፤ ወገብህን ለፀሐይ ስጠው ብሎሃል። ሃና ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች፤ ጌጡም አጠገቧ ቆሞ ስለነበር እሱም ሰላም ብሏል። ማሬ ነጭ ሽንኩርት ልካለች፤ ለሸዋዓለም ደረት ነው፤ በማር አድርጋ ትውሰደው። ሸዋዓለምን እኔ አቅፌያታለሁ በልልኝ። አባባም ሰላም ብለውሃል። ስለ መኪናዋ እንዳልጽፍልህ አስጠንቅቀውኛል።

እህትህ እቴነሽ ይርዳው
ደብረ ታቦር
ጥቅምት ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.